ጥይት በላ የተባለው አያ ላቀው

አያ ላቀው መሞቱን የነገረችኝ በርበሬ ልትገዛኝ የመጣች የአምበር ሴት ናት። መስፈሪያዬን ሞልቼ ወደ ስልቻዋ ልገለብጥላት ስል፣ እንደ ዋዛ፣ «ያ ጥይት በላው ጠይብ ማርቆስ ላይ ሞተ አሉ፤ ሰምተሻል?» አለችኝ። በርበሬውን ወደ ጆንያዬ መለስኩት። «ምነው እሜቴ?» አለች ደንግጣ። «ላንቺ የሚሸጥ በርበሬ የለኝም» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት ሰላምታ ነፍጋኛለች፤ እኔም አልጎደለብኝም።

ሰው ሲሞት ክፉው ይረሳል፣ ደጉ ይወራል ይባላል። ውሸት ነው። የአያ ላቀው ደጉ ነው የተረሳው። ክፉ ተብሎ የተለጠፈበት፣ እሱ ያላደረገው ነገር፣ ከመቃብሩ በላይ ዛሬም ቆሟል። እኔ አባቴ ደብተራ ስለነበር በልጅነቴ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ግን እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። አሁን የፈቀደችልኝ ሰው ስላለች ነው። ማን እንደሆነች ቆይቼ እናገራለሁ።

ላቀው ቀጥቃጭ ነበር። በኛ አገር ቀጥቃጭ መሆን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፣ የቤተ ክርስቲያንህን ቃጭል ይጠግንልሃል፤ ልጅህን ሆዱን ሲቆርጠው ግን «ላቀው አይቶት ይሆናል» ትላለህ። ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ማኅበር ግን አይጠጣም። ርስት የለውም፤ ቢያርስም የሰው መሬት ነው፣ ባለቤቱ በቃህ ያለው ቀን ይነሣል። ልጁንም ከጠይብ ቤት በቀር የሚጠይቃት የለም።

ቤቱ ከአምበር ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ነበር። ገበሬው የተሰበረ ማጭዱን ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ጥሎ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሲጠገንለትም ከድንጋዩ ላይ ያነሣል እንጂ ከእጁ አይቀበልም። እኔ ባሌ የሞተብኝ ነጋዴ ነበርኩ፤ ከአምበር ጌሾና በርበሬ ማርቆስ እወስዳለሁ፣ ከማርቆስ ጨውና ክብሪት አመጣለሁ። አንድ ቀን ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ሲደርስ ደጃፉ ቁጭ አልኩና ጠላ ስጠኝ አልኩት።

«በማን ዋንጫ?» አለኝ።

«ባንተ ነዋ! በወፍ ዋንጫ ልጠጣ?»

ቆሞ ቀረ። ከዚያ ገባና በራሱ ዋንጫ አመጣልኝ። እኔ ጠጥቼ እስክጨርስ ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሲያየኝ ውሎ ማታ ሆዴን ቢያመኝ በሱ እንዳይሳበብ ነው። ሰው ሲበላ፣ ሰው ሲጠጣ፣ እናት ልጇን ስታጠባ ላቀው መሬት መሬት ያያል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ኖረ። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሚስቱ ሞታ አስናቀች የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ትታለት ነበር። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ቀጥ ያለች፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የአባቷ። ሰውየው በዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህቺ ልጅ ማንም ሰው ሳይጸየፋት፣ በአባቷ ስም ተጠርታ፣ በወግ እንድትዳር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ጣሊያን ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተደላደለ በኋላ አገሩ ሸፈተ። በኛ ወገን ያሉትን አርበኞች የሚመራው ቀኛዝማች አዳሙ የሚባል ሰው ነበር። ጀግና ነው፤ የሰውን እውነት አልክድም። ሰው ነበረው፣ ጠመንጃም ነበረው፣ ጥይት ግን አለቀበት። አብዛኛው ሰው የታጠቀው ከአባቱ የወረሰውን ውጅግራ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ነው። የውጅግራ ጥይት ደግሞ ጣሊያን ስለማይጠቀምበት ቢማርኩትም አይገኝም። ባዶ ጠመንጃ ተሸክሞ መሞት ሆነ።

ቀኛዝማቹ አንድ ቀን ወደ ላቀው ቤት መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «ላቀው፣ በተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ላይ ነፍስ ትዘራለህ አሉ» አለው።

«ዘርቼ አላውቅም ጌታዬ። ጥቂት ቀለህና አንድ ጠመንጃ ይተዉልኝ። ናሙና ልሥራና ይዩት፤ ከወደዱት ያን ጊዜ እንነጋገር።»

«ዛሬ ቃል ግባልኝ።»

«ያልሠራሁትን እንዴት አድርጌ ቃል እገባለሁ?»

አጃቢዎቹ ተቆጡ፤ ጠይብ ከቀኛዝማች ጋር ሲከራከር አይተው አያውቁማ። ግን ጠመንጃውን ትተውለት ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው ሲመጡ ላቀው የሠራቸውን ሰጣቸው። ቀኛዝማቹ የግራር ግንድ ላይ ተኮሰ፣ ደግሞ ተኮሰ። ግንዱ ተፈነከተ። የዚያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።

«ምን ልስጥህ?» አለ።

«መሬት።»

ቀኛዝማቹ ሳቀ። ጌታቸው ስለሳቀ አጃቢዎቹም ሳቁ። «ጠይብ በመሬት ምን ያደርጋል?»

«እንደ ሰው አርሶ ይበላል። ልጄም የባለርስት ልጅ ትባላለች።» እጁን ዘርግቶ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጥቁር መሬት አሳየ። ባለቤቱ ባንዳ ሆኖ ማርቆስ የገባበት መሬት ነው። «ያንን ይስጡኝ።»

ሳቁ ቆመ። ከአርበኞቹ ጋር የሚዞሩ ቄስ ሞገስ የሚባሉ የንስሐ አባት ነበሩ፤ መስቀላቸውን አወጡ። ቀኛዝማቹ መስቀሉን ይዞ፣ «ሚካኤልን! አገር ሲቀና ያ መሬት የላቀው ነው» ብሎ ማለ። እኔ ሰምቻለሁ። ቄሱ ሰምተዋል። ያን ጊዜ የነበሩት አጃቢዎች ሁሉ ሰምተዋል።

አሁን ደግሞ ያን ሰው የማልረሳበትን ሌላ ነገር ልናገር። አንድ ቀጥቃጭ በአንድ ወናፍ ለጦር ሠራዊት ሊደርስለት አይችልም። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ «አልችልም» ይላል፣ ወይ ብቻውን ልሥራ ብሎ ነገሩን ያበላሻል። ላቀው ሥራውን ቆራርሶ አከፋፈለው። የባሩዱን ከሰል ጫካ ዳር ላለ ከሰል አክሳይ ሰጠ። ለዚያው ባሩድ የሚገባውን፣ ከአሮጌ ከብት ቤት ግድግዳ ሥር የሚወጣውን ነጭ የአፈር ጨው እንድትጭር ለሸክላ ሠሪዋ ለእማ ዘሪቱ ነገራት፤ እሷ ድሮም አፈር ስትቆፍር የምትውል ናት፣ ማንም አይጠይቃትም። ለዝናሩ ቆዳ ፋቂውን ያዘ። እኔን ከጥይቱ ኋላ ለሚገባው ማቀጣጠያ ክብሪት፣ ለአረሩ ደግሞ እርሳስ አምጪ አለኝ። እርሳሱን ማርቆስ ጣሊያን ካሚዮን የሚጠግንበት ቦታ ከሚሠሩ ሰዎች፣ ከወደቀ ባትሪ ውስጥ እየተፈለቀቀ እገዛና በጨው ጆንያ ውስጥ ቀብሬ አመጣዋለሁ።

«እነዚህን ሰዎች ለምን መረጥክ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «የኛን ቤት ማን ይፈትሻል እታለም?» አለኝ። «ባንዳው እንኳ ደጃፋችን ሲደርስ አማትቦ ያልፋል።» እውነቱን ነበር። ሦስት ቤት ዘልቀው የገበሬውን ጎተራ ሲገለብጡ፣ የእማ ዘሪቱን ጎጆ ግን በአፍንጫቸው እንኳ አላዩትም። የናቁን ሰዎች ንቀት አጥር ሆነልን።

ሥራ ላይ ግን ርኅራኄ አያውቅም። አንድ ጊዜ ያመጣሁለትን ክብሪት አንድ አንዱን በጥፍሩ እየነካካ ወደ ጆሮው ያስጠጋል፤ ቀኝ ጆሮው በመዶሻ ብዛት ደንቁሮ ነበርና ሁልጊዜ በግራው ነው የሚሰማው። ከዚያ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ እርጥበት ነክቶታል።»

«ዛሬ ጠዋት እሳት አንድጄበታለሁ! ይነዳል!»

«ላንቺ ምድጃ ይነዳል። አንዱ እንቢ ቢልሽ ሌላውን ትጭሪያለሽ፣ ማን ይቆጣሻል? እዚያ ያለው ሰው ደግሞ የሚጭርበት ጊዜ የለውም።»

ተናድጄ ሄድኩ። ደረቅ ክብሪት ይዤ ተመለስኩ። ለከሰል አክሳዩም እንደዚሁ ነው፤ የቀርከሃ ከሰል አምጥቶለት ሸክሙን እንዳለ አስመለሰው። «ማጭድ ቢሰነጠቅ ገብስ ይቀራል፤ ይሄ ቢሰነጠቅ ሰው ይቀራል» ይል ነበር። ሌላም የሚላት ነበረችው፦ «ለጦር የሚሠራ ሰው ሥራው የሚታየው የተበላሸ ዕለት ብቻ ነው።» ያን ጊዜ ወሬ ማሳመሪያ መስሎኝ ነበር።

አንድ እጅ፣ ማለት የአንድ ዙር ሥራ፣ ጥይት ተሠርቶ ባለቀ ቁጥር ከመካከሉ አንዱን አንሥቶ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አድርጎ ራሱ ይተኩሳል። ገደል ውስጥ ወርዶ ነው የሚተኩሰው። አንዴ የጥይቱ ኋላ ፈንድቶ ጉንጩን ለበለበው፤ ያን ሁሉ ጥይት ፈትቶ እንደገና ሠራ። «ለምን ለአንዱ ወታደር አትሰጠውም?» ብለው፣ «በሰው ፊት ላይ የሚፈነዳው መጀመሪያ በኔ ፊት ይፈንዳ» አለኝ። ከየእጁም ጥቂት ጥቂት አስቀርቶ ጣራው ሥር በቅል ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ነገር ቢመጣ ምስክሬ ይሆናል ብሎ ነው። አወይ ምስክር!

አርበኞቹ የላቀውን ጥይት ይወዱታል፤ ላቀውን ግን ይፈሩታል። ቡዳ የሠራው ነገር ደረታቸው ላይ ታጥቀው እንዴት ይዋሉ? ስለዚህ ቄስ ሞገስ ጥይቱ በመጣ ቁጥር ጸሎት አድርሰው ጠብታ ጠበል ጣል ያደርጉበታል። ጠብታ ምንም አላደረገውም፤ አፉ በሰም የታሸገ ነው። ላቀው ይህን አያውቅም ነበር። ቢያውቅም የሚከፋው አይመስለኝም፤ ለምዶታል። እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥይቱን በሚረከቡት ሰዎች ፊት ቆሞ ሁልጊዜ፣ «ከውሃ አርቁት» ይላል።

አንድ ጊዜ ከማርቆስ ወደ አማኑኤል የሚሄድ የጣሊያን ጭነት አድፍጠው ሊመቱ ሆነ። ከዚያ በፊት ያልሞከሩት ትልቅ ውጊያ ነው። ቀኛዝማቹ ሰግቶ ኖሯል። የሚወደው ታናሽ ወንድሙም አብሮት ሊዋጋ ነው። እናም አዘዘ፤ ለዚህ ለትልቁ ቀን ጠብታ አይበቃም፣ ጥይቱ እንዳለ ጠበሉ ውስጥ ገብቶ ይደር አለ። ቄሱ «መርጨት ይበቃል» ብለው ነበር። ማን ሰማቸው? ዝናሩ ከነጥይቱ ምንጩ ውስጥ ተነክሮ አደረ። ሰሙ የጥይቱን አፍ እንጂ ኋላውን አይከልለውም፤ ክብሪቱ ያለው ደግሞ ከኋላ ነው።

ጭነቱ ሲደርስ ቃታ ሳቡ። ቀጭ። እንደገና ቀጭ። ከዚያ መትረየሱ ጀመረ። ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። የቀኛዝማቹ ወንድምም እዚያው ቀረ።

ላቀውን የፊጥኝ አስረው ሾላው ሥር ሲያመጡት አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ይሰቀል ይላሉ። ቀኛዝማቹ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ወንድሜን በላኸው» አለው።

ላቀው ጎንበስ እንዳለ ነው። «ጌታዬ፣ ከዚያው እጅ ያስቀረሁት ጥይት ቤቴ አለ። እታለም ብርቄ ቦታውን ታውቃለች፤ ታምጣውና ይተኮስ። እንቢ ካለ ስቀሉኝ።»

ብርቄ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሮጥኩ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ቅሉን አመጣሁ። የቀኛዝማቹ አሽከር ጠመንጃውን አጉርሶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጮኸ። ሌላ አጎረሰ። ጮኸ። ቅሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጮኸ። 

«አሁን ደግሞ ከዚያ ከከሸፈው አንዱን ስጡኝ» አለ ላቀው። አንድ እጁን ፈቱለት። እርሳሱን በጥርሱ ነቅሎ ባሩዱን መዳፉ ላይ ገለበጠው። ባሩዱ እንደ ተልባ ሊጥ ዝልግ ብሎ ወረደ። መዳፉን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ።

«ውሃ ነው። ማን ነው ውሃ ያስገባበት?»

ቄስ ሞገስ ወደ ፊት ወጡ። «እኔ መርጨት ይበቃል ብዬ ነበር…» ሲሉ ቀኛዝማቹ «አባቴ፣ ዝም ይበሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። ዝም አሉ። እሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ዝም እንዳሉ ቀሩ፤ አፈሩ ይቅለላቸው፣ እኔ ግን አልቀለለኝም።

«ፍቱት» አለ ቀኛዝማቹ። ይህን ብሎ ወደ በቅሎው ዞረ። «ንገሯቸው እንጂ! ምን እንደሆነ ንገሯቸው!» ብዬ ጮኽኩ። አንዱ በሰደፍ ገፍቶ አስቀመጠኝ። ጥቂት ከፊት የነበሩት ነገሩን አይተዋል፤ ከኋላ የነበሩት የሰሙት ወሬ ግን ላቀው በመተት ከሞት አመለጠ የሚል ነው። ያ ወሬ እውነቱን ቀድሞ በየቤቱ ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ላቀው ጠይቡ መባሉ ቀርቶ ጥይት በላ ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ቀኛዝማቹ ብቻውን መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከበቅሎው ወረደ።

«ላቀው፣ ሥራህን ቀጥል።»

«እቀጥላለሁ ጌታዬ። እርስዎ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ ጥይቱን ያበላሸው ውሃ ነው፣ ላቀው ሰው አልበላም ይበሉልኝ።»

ቀኛዝማቹ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «እናቴን ምን ልበላት?» አለ ዝግ ብሎ። «እንዲነከር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ልበላት?»

ላቀው አልገፋበትም። ለሰው ማዘን ቀድሞት ሄደ። ላቀው በዚያች ሰዓት ቢጠነክር ኖሮ ስንት ነገር ይተርፍ ነበር! «አገር ይቅና» አለው ቀኛዝማቹ፤ «መሬቱንም ስምህንም እመልስልሃለሁ።»

«እንዴት ትሠራላቸዋለህ?» ብዬ እንደ እብድ ጮኽኩበት። «ልቧ የሞተባት አህያ እንኳ ይሄን አትሸከምም!»

«ልጆቹ ባዶ ጠመንጃ ይዘው ይሙቱ?» አለኝ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሰሙን አቀለጠና የጥይቱን አፍም ኋላውንም ያሽግ ጀመር። ጥይቱን ውሃ ገንቦ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ይተኩሰዋል፤ ይጮኻል። «ሰዎቹን ማረም አልቻልኩም፤ ጥይቱን አረምኩት። ይንከሩት እንግዲህ» አለ። እነሱም ነከሩት። ነክረው ተኮሱ፣ ተኩሰው ድል አደረጉ፣ ድል አድርገው ሲመለሱ በደጁ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ጣሊያን ከማርቆስ እስኪወጣ ድረስ ይህ ሆነ።

አገር ቀና። ቀኛዝማች አዳሙ ፊታውራሪ ተባለ። የባንዳው መሬት ለማን እንደሚሰጥ ሊወሰን ሽማግሌ ሲቀመጥ ላቀው ሸማውን አጥቦ ለብሶ ሄደ። አስናቀችንም ይዟት ነበር። ለመሬቱ ሌላ ፈላጊ ነበረበት፤ ለጣሊያን ምሽግ ገብስና ድርቆሽ ሲያቀርብ የኖረ ነጋዴ። ነገሩ መጨረሻው ሲያስታውቅ በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው ወደ አርበኞቹ ነዳና እሱም አርበኛ ሆነ። ፊታውራሪው በተሾመ ዕለት ሰንጋ ጥሎ ያበላው እሱ ነው። እንግዲህ ገብሱንም ለጣሊያን፣ ሰንጋውንም ለፊታውራሪ። ላቀውም ነጋዴውም ለጦር አቅራቢ ነበሩ፤ ልዩነታቸው አንዱ ድግስ ማወቁ ነው።

አንዱ ሽማግሌ «ለመሆኑ ጠይብ ርስት ሲይዝ የት አያችሁ?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም፤ ተነሣሁ። ስለ ናሙናው፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ጠበሉ፣ መዳፉ ላይ ስለፈሰሰው ባሩድ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። «ፊታውራሪ፣ ሚካኤልን ብለው ምለዋል! እርስዎ ይመስክሩ!» አልኩ።

 የፊታውራሪው እናት ከጎኑ ተቀምጣለች፤ ጥቁሯን አላወለቀችም። ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ምን እንደሚመርጥ አወቅሁ።

«እኔ የማስታውሰው ወንድሜ መሞቱን ነው» አለ።

በዚህ አለቀ። ላቀው ቆመ።  ዕድሜ ልኩን መሬት መሬት ያይ የነበረው ሰው ቀና ብሎ ፊታውራሪውን አየው፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ ነጋዴውን፣ ከዚያ የቀረውን ሰው ሁሉ እያንዳንዱን ፊት ለፊት አየ። ሰዉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊታችንን ያልሸፈንን እኔና የሟቹ እናት ብቻ ነን። ላቀው የልጁን እጅ ይዞ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። አስናቀች ንግድ ላይ አብራኝ ትውል ስለነበር መርጡለ ማርያም ገበያ አንድ ደህና ቤተሰብ አያት፤ ልጄ መስላቸው እኔን ጠየቁኝ። ለላቀው ነገርኩት። መሬቱ ተሰጥቶት ቢሆን የባለርስት ልጅ ናት፣ ከነስሟ ትሄዳለች። አሁን ግን የጥይት በላ ልጅ ናት። ወናፉን አስቀመጠና ብዙ አሰበ።

«እታለም፣ የባልሽን ስም ስጪኝ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«አስናቀች ያንቺና የሟቹ ባልሽ ልጅ ናት በያቸው። የባልሽ ዘር ሲቆጠር ነውር የለበትም።»

«አንተስ?»

«እኔ ማርቆስ እገባለሁ። እዚህ ከቆየሁ አፍንጫዋን ያየ ሰው ይነቃል።»

አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፣ እንቢ አልኩት። አልሰማኝም። ያ ከሰሉን ለአንዱ፣ አፈሩን ለአንዷ፣ እርሳሱን ለኔ ሲያከፋፍል የኖረ ሰው በመጨረሻ አባትነቱንም ለሌላ ሰው ቤት ሰጠ። ልጅቱን ሦስት ቀን አስለምኖ ነው ያሳመናት። በሠርጉ ዕለት አልመጣም። ማርቆስ ዳር ላይ ጎጆ ተከራይቶ መጥረቢያና ማረሻ ሲሠራ ኖረ። «እንዳትመጪ» ብሏት ነበርና አልመጣችም፤ የልጆቿን ወሬ እኔ አደርስለታለሁ፣ እሱ በግራ ጆሮው ይሰማል። የፊታውራሪውም ነገር አይቀርለትም ነበር፤ «እናቱ አለች?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እሷ ካለፈች እውነቱን ይናገር ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ።

ቀብሩ አለፈኝ። አርባውን ግን እኔ ደገስኩ። እማ ዘሪቱ መጣች፣ ፋቂው መጣ፣ ከሰል አክሳዩ ሞቷል። ለአስናቀች ልኬባት ነበር፤ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኋትም። ከባሏ ጋር መጣች። ባሏ ደግ ገበሬ ነው፤ «የእናትሽ ጎረቤት ከሆነማ እንሂድ እንጂ» ብሎ ሁለት ቀን አብሯት ተጉዟል። መቃብሩ ጋ ስትደርስ የምትጮህ መስሎኝ ክንዷን ያዝኩ። አልጮኸችም። እንደ እንግዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። 

ይህን ጻፊው ያለችኝ እሷ ናት፤ ከዚህ ሁሉ ከጊዜ በኋላ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ። «እስከ መቼ የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ እኖራለሁ?» አለችኝ።

በዚያ በአርባው ቀን ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ካህኑ ሊመርቁ ተነሡ። ተዝካር ሲወጣ መጀመሪያ የሚመረቀው የሟች ልጅ ነው። ካህኑ ግራ ቀኝ አዩና፣ «ልጅ አለው?» ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ። አፌን ከፈትኩ። የአስናቀች ባል ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «አንቺ ታውቂው የለም እንዴ? ልጅ አለው?» አላት።

«የለውም» አለችው።